አንድ ግፊት፣ ሁለት ፈቃድ

ፈተና የሚያልቀው ደወሉ ሲደወል ነው የሚሉ ሰዎች ወይ ተፈትነው አያውቁም፣ ወይ ጓደኛ የላቸውም። እኔ እንደ ደረስኩበት ከሆነ እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው ተፈታኙ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «አንቺስ ምን አልሽ?» የሚል ሰው ያገኘ ጊዜ ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሁላችንም ሊቃውንት ነን። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ልጅ ለሁለት ይከፈላል፤ መልሱ ከብዙኃኑ ጋር የገጠመለት፣ እንዲሁም እንደ እኔ ብቻውን የቀረ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ሲሉ ስለ ሎሚ የተናገሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ፈተና መልስ እንደ ነበር ገብቶኛል። ስሕተት እንኳ ቢሆን ሃምሳ ሆነው ሲሸከሙት ያምራል፤ እውነት ግን ለብቻ ሲሸከሟት ወገብ ትቆርጣለች።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ቅደም ተከተል እወዳለሁና። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ቤተሰቦቼ ጠባዬን እንደ በጎነት ሳይሆን እንደ ሕመም ስለሚቆጥሩት፣ አንባቢም ከወዲሁ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሕክምና የተማርኩት ሰመራ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ በተማሪነት ዘመኔ ስለተመላለስኩበት፣ አውቶቡሱ የት ላይ እንደሚንገጫገጭ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። ተመርቄ፣ ጋውን ለብሼ፣ ፎቶ ተነሥቼ ስጨርስ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሙያ ፈቃድ። ለፈቃዱ ደግሞ የተግባር ፈተና ነበረበት።

የተግባር ፈተና ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ክፍሎች በተርታ ይዘጋጃሉ። በየበሩ ላይ የታማሚው ጉዳይ ባጭሩ ተጽፎ ይለጠፋል። ደወል ሲደወል ይገባል፤ ደወል ሲደወል፣ ንግግር በአፍ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ይወጣል። ውስጥ አንድ ታማሚና አንድ ፈታኝ ይቀመጣሉ። ፈታኙ አይናገርም፣ አይስቅም፣ አያዝንም፤ ፊቱ እንደ ሰመራ ሰማይ ደመና የሚባል አያውቅም። ታማሚውም ቢሆን ታማሚ አይደለም። በእውነት የታመመ ሰው ለተፈታኝ ሠልፍ ክንዱን የሚያበድርበት ምን ምክንያት አለው? ስለዚህ ከከተማው ጤነኛ ሰዎች ይጠራሉ፤ ምን እንደሚያማቸው ይነገራቸዋል፤ እነሱም አጥንተው ይታመማሉ።

የእኔን ጭንቀት የወለደው ክፍል በር ላይ ታማሚው ሾፌር እንደሆኑ፣ ራሳቸውን እንደሚያማቸው፣ ተፈታኙም ጠይቆ፣ የደም ግፊታቸውን ለክቶ፣ ተገቢውን ምክር እንዲሰጥ ተጽፎ ነበር። ገባሁ። ጋሽ ብርሃኔ የሚባሉ ሰው ተቀምጠዋል። በእርግጥም ሾፌር ናቸው፤ ከአፍዴራ ጨው ጭነው ሲመጡ መኪናቸው ሰመራ ላይ ማርሽ አልቀበል ብሎ ቆሞባቸው፣ መለዋወጫ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡ ታማሚ ይሁኑ ተብለው የመጡ ሰው ናቸው። ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ሰላምታ ሰጠሁ፣ ማንነቴን ተናገርኩ፣ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። እስከዚህ ድረስ ፍጹም ነበርኩ። ከዚያ ሕመሙ የጀመራቸው መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ብርሃኔ በረጅሙ ተነፈሱና ከገዋኔ ጀምሮ ነው አሉኝ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ስጠይቅ፣ ሰዓቱን ሳይሆን ሚሌ ሲደርሱ እንደሚብስባቸው ነገሩኝ። ምን ያህል ጊዜ ይቆያል ብል፣ ሰርዶ ድረስ ይሸኘኛል አሉ። የሕክምና ትምህርት ጊዜን በሰዓትና በቀን እንጂ በከተማ መቁጠር አላስተማረኝም። ቢሆንም የመንገዱ ልጅ ነኝና በሆዴ ገዋኔን ከሚሌ ቀንሼ ሰዓት አወጣሁ። ሕመሙ ምን ምን እንደሚል ስጠይቃቸው ደግሞ ተሳቢ ከኋላቸው እንደ ተቀጠለ ሆኖ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ እንደሚጎትታቸው አስረዱ። ተዋናይነታቸውን በልቤ አደነቅኩ።

ግፊታቸውን ለካሁ። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር።

ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ያገኘ ተፈታኝ ምን ያደርጋል? እኔ ሥርዓቱ የሚያዘውን አደረግኩ፤ ጥቂት ታግሼ በሌላው ክንድ ደገምኩት። ያው ነው። ቁጥሩን ለፈታኙ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ፈታኙ የግራ ቅንድባቸውን ትንሽ አነሡና መልሰው አስቀመጡት። ለጋሽ ብርሃኔም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። እሳቸው ግን፣ ፈታኙ በማያዩበት በኩል ባለው ዓይናቸው ጠቀሱኝ። ምክሩን ልጀምር ስል ደወሉ ተደወለ።

ውጭ ጥላ ሥር ጓደኛዬ ዘሃራ ትጠብቀኝ ነበር። ዘሃራ ሰመራ ተወልዳ ያደገች፣ የማደሪያ ክፍሌ ተጋሪ፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ተጨንቃ የማታውቅ ልጅ ናት። ያንን የማይቀረውን ጥያቄ አስቀደመች። ቁጥሬን ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። «ወላሂ፣ ሰውየውን ልትገድይው ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ያገኘችው መቶ ሃያ በሰማንያ ነበር። አጠገቧ የነበሩትም ሁሉ መቶ ሃያ በሰማንያ ብለዋል። ድምፁን በደንብ ሰምተሽው ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ማራገቢያው እንደ ሄሊኮፕተር እየጮኸ ምን ይሰማል ብላ መለሰችልኝ። ከዚያም እንደ መምህር ጣቷን አንሥታ፣ ሰውየው ጤነኛ መሆኑ ይታወቃል፣ የጤነኛ ሰው ቁጥርም ይታወቃል፣ ታዲያ የሚታወቀውን ነገር ምን ማዳመጥ ያስፈልጋል ስትል አስረዳችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አነጋገር ላይ ስሕተቱ የት እንዳለ ታያለህ። እኔም አይቼዋለሁ። ነገር ግን እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኔ አንድ ነኝ። በዚያች ሰዓት እውነት በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ሆኖ ተሰማኝ። ምናልባት የሰማሁት የጋሽ ብርሃኔን ደም ሥር ሳይሆን ማራገቢያውን ይሆን? በሁለቱም ክንድ? ግፊት መለካት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው። እሱን የሳተ ሐኪም ፈቃድ ይሰጠዋልን? አይሰጠውም። ፈተናውን ደግሜ ልቀመጥ ነው፤ እስከዚያውም ሥራ የለም፣ ምደባ የለም።

ሻንጣዬን ይዤ አዋሽ ገባሁ። ጭንቀት ላይ ያለ ሰው መሸሸጊያው ቤቱ ነው ይባላል። የእኔ ቤት ግን ወላጆቼ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ለመንግሥት ሥራ ሲሉ የኖሩበት፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ የሚተዋወቅበት ቤት ነው። አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ሥርዓት መውደዱን የወረስኩትም ከእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ መመረቄን እንጂ ፈተናውን ለማንም አልተናገሩም። ስለዚህ ባለ ሱቁ ዶክተር ይለኛል። ጎማ ለጣፊው ዶክተር ይለኛል። የጎረቤታችን ሚስት የልጃቸውን ጆሮ አዘንብለው በሩ ላይ ይጠብቁኛል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እኔን ቢያየኝ፣ ተምሬ፣ ጠምጥሜ፣ ጥምጣሙ ሊወርድብኝ መሆኑን አይቶ ሌላ ተረት በተናገረ ነበር።

ስጨነቅ አስተካክላለሁ። መጀመሪያ የመጻሕፍት መደርደሪያውን አስተካከልኩ። ቀጥዬ የአባቴን መፍቻዎች በቁመት ደረደርኩ። በመጨረሻ ወደ እናቴ ጓዳ ገብቼ ቅመሞቹን በፊደል ተራ አስቀመጥኳቸው። ቁንዶ በርበሬ ቀደመ፣ በርበሬ ተከተለ፣ ጨው ከሁሉ ኋላ ቀርቶ ጥግ ገባ። እናቴ ወጥ ጥደው ጨው ሲፈልጉ ቆዩና፣ በመጨረሻ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ውጤቱ ቶሎ ወጥቶ ከእኔ ቢገላግላቸው እንደሚሻላቸው ተናገሩ። ከዚያም ሐብሐብ ግዢ ብለው አስወጡኝ። የላኩኝ ሐብሐቡ አስፈልጓቸው አልነበረም።

ሐብሐብ የሚሸጠው ዋናው መንገድ ዳር፣ የጅቡቲና የአፍዴራ መኪኖች ተደርድረው በሚቆሙበት አካባቢ ነው። አንዱን ሐብሐብ በጣቴ እያንኳኳሁ ድምፁን ሳዳምጥ (ማዳመጥ መቻሌን ለማረጋገጥ የማላደርገው አልነበረም) ከኋላዬ አንድ ሰው «የእኔ ሐኪም» አለኝ። ዞር ስል ጋሽ ብርሃኔ ናቸው። ከመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጥብስ ይበላሉ። ጥብሱ ላይ ጨው እየጨመሩ ነበር።

ተነሥተው ጨበጡኝና፣ እኔ ልጠይቃቸው የፈለግኩትን እሳቸው ቀድመው ጠየቁኝ፤ «እንዴት ነበርኩ ዶክተር? አልፌ ይሆን?»

ለካስ እሳቸውም ተጨንቀው ኖረዋል። አሠልጣኙ ጥያቄ ሳይጠየቁ እንዳይመልሱ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አንዱን ተፈታኝ ገና ወንበር ሳይስብ ራሴን ያመኛል ብለውታል። በዚህ የተነሣ ዳግመኛ ሳይጠሯቸው እንዳይቀሩ ሰግተዋል። ትወናቸው ድንቅ እንደ ነበር፣ በተለይም ስለ ተሳቢው የተናገሩት እንዳልተረሳኝ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ይህን ሁሉ እንዴት እንዳጠኑት ስጠይቃቸውም ምን ማጥናት ያስፈልገዋል አሉኝ። «ራሴን ያመኛል በል አሉኝ፤ ያመኛል። ዋሽ ቢሉኝ ኖሮ ይከብደኝ ነበር።»

ሐብሐቡን አስቀመጥኩት።

ጋሽ ብርሃኔ በእውነት ራሳቸውን ያማቸዋል። ከገዋኔ ጀምሮ። ሕመሙንም፣ ጥቅሻውንም፣ ቁጥሩንም ሁሉ ቀላቅለው የተውኔቱ አካል አድርገውት ኖረዋል። ያን ያህል ሰው ክንዳቸውን ሲጠቀልልና ሲፈታ ውሎ፣ አንዷ ብቻ ግፊትዎ ከፍ ብሏል ብትላቸው፣ የተሰጣትን ቃል በደንብ ያጠናች ልጅ መስያቸዋለሁ። ቤቴ ቅርብ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ልለካዎት አልኳቸው። ሌላ ፈተና መጣ እንዴ ብለው ቢያንገራግሩም፣ ጥብሳቸውን ጨርሰው ተከተሉኝ።

እዚህ ላይ ሁኔታዬን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባኛል። የሰውየው ግፊት ደኅና ከሆነ እኔ ወድቄአለሁ። እኔ ካለፍኩ ሰውየው ታመዋል። ሦስተኛ መንገድ የለም። አባቴ ለምረቃዬ የገዙልኝን መለኪያ አወጣሁ። መሣሪያው እንዳያሳስተኝ አስቀድሜ የአባቴን ለካሁ፤ ደኅና ነው፣ የጡረተኛ ግፊት። ከዚያ ጋሽ ብርሃኔን አስቀምጬ፣ ጀርባቸውን አስደግፌ፣ እግራቸውን መሬት አስረግጬ፣ ከመለካቱ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝም እንዲሉ አዘዝኳቸው። ለሾፌር ከባዱ ክፍል ይኸው ነበር። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ስለ ማርሻቸው፣ ስለ ጨው ገበያና ስለ ጎረቤታችን ጣሪያ ሊነግሩን ሞክረው፣ አባቴ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው።

ጨርቁን ነፍቼ አየሩን መልቀቅ ስጀምር አባቴ ከንፈርሽ የሚንቀሳቀሰው ለምንድን ነው አሉኝ። እየቆጠርኩ ነው አልኳቸው። አልነበረም። እየጸለይኩ ነበር። የምጸልየውም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ የዚህ ደግ ሰው ግፊት ከፍ እንዲልልኝ ነበር። የታመመን ለመፈወስ ቃል ገብቼ ተመርቄ፣ የመጀመሪያ ጸሎቴ ሰው እንዲታመምልኝ ሆነ።

ጸሎቴ ሰመረ። መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር፣ በሁለቱም ክንድ።

ፈገግታ በትእዛዝ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በትእዛዝም አይከለከልም። ግፊታቸው በጣም ከፍ ማለቱን ስነግራቸው ጥርሴ ሁሉ ይታይ ነበር። ጋሽ ብርሃኔ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ አባቴን አዩና፣ «ልጄ፣ በእኔ መታመም እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ፈተናውን፣ ዘሃራን፣ ከሁሉ ተለይቼ የመቅረቴን ነገር ሁሉ ዘረዘርኩ። በጥሞና ሰሙኝና ፈቃድሽን ልታገኚ ነዋ አሉ። እንደሱ ተስፋ አደርጋለሁ አልኳቸው። «የእኔስ ፈቃድ?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ጊዜው ቀርቧል፤ ለእድሳቱም ጤና ይመረመራል። በሽተኛ ነህ ተብለው ከመሪ ቢወርዱ በእሳቸው ላይ የተንጠለጠለው ቤተሰብ በምን ይኖራል? በእሳቸው ስሌት እኔ ፈቃዴን ያገኘሁት የእሳቸውን ቀምቼ ነው። እናም ተነሡ። ራስ ምታቱ ትወና ነበር፤ አሁንም ትወና ነው፤ መለኪያውም ያረጀ ይሆናል ብለው ወደ በሩ አመሩ። ለፈተናዬ ያለኝ አንድ ምስክር ራሱ ተነሥቶ ሲሄድ አየሁ።

ግን ከልቤ እመሰክራለሁ፤ በዚያች ሰዓት የፈተናው ነገር ከሐሳቤ ወጣ። ከአዋሽ አፋፍ ቁልቁል የሚወርድ፣ ጨው የጫነ መኪናና መሪው ላይ ራሱን የሳተ ሰው ታየኝ። በሩ ላይ ቀድሜ ቆምኩና አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት አልኳቸው። የሞተሩ ሙቀት ጌጅ ቀይ ላይ ሲደርስ ጌጁን በጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ወይስ ቆመው ውኃ ይጨምራሉ?

የሙያ ነገር ስለሆነ ማለፍ አልቻሉም። «ውኃ ይጨመራል። ግን ወዲያው አይከፈትም፤ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው አልኳቸው፤ ቀስ ተብሎ፣ በክኒን፣ እስኪበርድ። ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን በወጉ እየወሰደና እየታየ ሊነዳ እንደሚችል፣ መሪ መያዝ የሌለበት ግፊቱን የደበቀ ሰው መሆኑን አስረዳኋቸው። አባቴም የመንግሥት ሠራተኛ ቋንቋ ጨመሩበት፤ አስቀድሞ ታክሞ የቀረበ ሰውና ሲመረመር የተገኘበት ሰው እኩል አይታዩም አሉ። ጋሽ ብርሃኔ ያሳመናቸው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ግን አባቴ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ሄዱ። ክኒን ታዘዘላቸው፣ ጨው እንዲቀንሱም ተነገራቸው። መኪና ሙሉ ጨው ጭኖ ለሚሄድ ሰው ጨው ቀንስ ማለት ምን ያህል ስላቅ እንደሆነ ሲያስረዱን ምሳችን በረደ።

ውጤቱም ወጣ። አለፍኩ። ዘሃራም አለፈች። የማይጨነቁ ሰዎች ሁልጊዜ ያልፋሉ፤ ይህ ከሕይወት ምሥጢራት አንዱ ነው። ስደውልላት አልሃምዱሊላህ ተባባልንና የጋሽ ብርሃኔን ነገር ከነቁጥሩ ነገርኳት። ለጊዜው ደነገጠች፤ ወዲያው ግን ሰውየው ታክሞ መዳኑን ስትሰማ ቀለላት። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለእኔም አለቀልኝ ብዬ፣ በተመደብኩበት በአዋሽ አርባ ጠረጴዛዬን አስተካክዬ፣ ሥራዬን በደስታ ጀመርኩ። ጋሽ ብርሃኔ ባለፉ ቁጥር ይቆማሉ፤ እለካቸዋለሁ። ክኒናቸውን የሚውጡት ነዳጅ እንደሚቀዳ ሰው ሳያዛንፉ ነው። መንጃ ፈቃዳቸውም ታድሷል።

በቅርቡ ታዲያ ፊታቸው እያበራ መጡ። ሰመራ ለአዲሶቹ ተፈታኞች እንደገና ታማሚ ሆነው ተጠርተው ነበር። እንደ ልማዳችን አስቀምጬ ለካኋቸው፤ መቶ ሃያ በሰማንያ፣ ለመጽሐፍ የሚሆን ግፊት። ፈተናው እንዴት እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው አሉኝ፤ ሁሉም እየተከታተሉ ገብተው ግፊትዎ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው አሏቸው። ጋሽ ብርሃኔ መጀመሪያ ክኒኑ አልሠራ ይሆን ብለው ደንግጠው ነበር፤ ኋላ ግን ትወናቸው መሻሻሉን ተረድተው ተጽናኑ።

ወዲያው ዘሃራ ትዝ አለችኝ። ለታናናሾቿ ደግ ናት፤ የምታውቀውን አትደብቅም። ያ ሾፌር ሲመጣ ትክክለኛው መልስ ይኸ ነው ብላ ነግራቸው ይሆናል። እኔ ይህን ሳስብ ጋሽ ብርሃኔ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ መቶ ሃያ በሰማንያ አለችኝ። ደግማ በሌላው ክንዴ ለካችኝ፤ ያው ነው አለች። ከሰው ሁሉ ተለይታ ፊቷ ጠቁሮ ወጣች። እንዲያው ዶክተር፣» አሉኝ ከልባቸው አዝነው፣ «ያቺ ልጅ እንኳ ወድቃለች።»